ያልታጠፈው ጉልበት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለእናንተ የምነግረው ስለማታውቁኝ ነው። የሚያውቁኝማ እናቷን ያስታመመች እያሉ ለልጆቻቸው ምሳሌ ያደርጉኛል።

የምንኖረው ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ የጉልበቷ መገጣጠሚያ አልቆ ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ትወርድ ነበር። ሐኪሙ ያለቀውን መገጣጠሚያ አውጥቶ በብረትና በፕላስቲክ ተካላት። በማግስቱ አቆሟት። ቆማ ስትስቅ በዓይኔ አይቻለሁ። "ቦሌ ሚካኤልን በእግሬ ሄጄ ነው የምሳለመው" አለች።

ከሆስፒታል ስንወጣ እግሯን እንቅስቃሴ የምታሠራት ፊዚዮቴራፒስት ለብቻዬ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ፦ "ጉልበቷን በየቀኑ እጠፊላት። ትጮሃለች፤ ጨክኚባት። አሁን ካልታጠፈ ደርቆ ይቀራል።"

ቤት እንደገባን ጠያቂው ብርቱካንና ለስላሳ ይዞ ጎረፈ። ጉልበቷን ሳጥፈው እናቴ ጮኸች። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "ምነው ልጄ፣ የታመመ ሰው እንዲህ ይደረጋል? አንጀትም የለሽ?" አሉኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። አፈርኩ። እግሯን በትራስ ደግፌ በጋቢ ጠቀለልኩት፤ አጥሚት አጠጣኋት። ሁሉም መረቁኝ። ምርቃቱ እንዴት ጣፈጠኝ!

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሳታውቂ ነው ትሉኝ ነበር። አውቅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ራሷ "ሰው ሳይመጣ እንሞክረው እስቲ፣ እችለዋለሁ" አለችኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጩኸቷ እትዬ አስካለ ቤት እንዳይሰማ ብዬ! ፊዚዮቴራፒስቷ ስትደውል "በየቀኑ እያሠራኋት ነው" ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ቀጠሮዋ ሲደርስ ደክሟታል ብዬ አስቀረኋት። ለመሆኑ ያስታመምኩት እናቴን ነው ወይስ ስሜን?

ጉልበቷ ደርቆ ቀረ። ለጠየቀኝ ሁሉ "ሐኪሙ አበላሸው" አልኩ። እናቴም አመነችኝ። የሚካኤል ዕለት በመስኮት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ትሳለም ነበር፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ አያት ነበር። ያንን ደረጃ በመጨረሻ የወረደችው በሬሳ ሣጥን ነው።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ነበረች። እሷ ደግሞ ያደረግኳትን ሳታውቅ፣ እጄን ይዛ "አንቺ እንኳ አልጨከንሽብኝም፣ ልጄ" ብላ መርቃኝ ሞተች።