ጋቢ የለበሰው ቱቦ

ጣልያን ከመግባቱ በፊት ነው። የሽኩር የጭነት መኪና ከተበላ ከተማ ወደ ሶዶ ሽቅብ ሲወጣ ጉልበት ከዳው። ሳህሊቱ በትኩሳት የነደደ ልጇን ታቅፋ ጭነቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ሐኪሙ ያለው ሶዶ ነው።

አጠገቧ፣ ቁልፉ ሁሉ የየራሱ ዓይነት የሆነ ካፖርት የለበሰ እንግዳ ሰው ነበር። መኪናው ሲቆም ወረደ። ካፖርቱ ላይ የደረበውን ጋቢ መንገድ ዳር ካለ ምንጭ ነክሮ፣ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ቱቦ ይጠቀልል ጀመር።

«ጋሼ፣ ሊያስተኙት ነው እንዴ?» አለ ሽኩር እየሳቀ።

«የሚስበው አየር ግሏል፤ ቀዝቀዝ ካለለት ይበረታል፣ ልጄ።»

ሳህሊቱ እጁን አየች። የጋቢውን ጫፍ ሕፃን እንደሚጠቀልል ሰው ከሥር ሸጎጥ አድርጎ፣ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። እናት የሌለውን ጨቅላ ስንት ሌሊት ታቅፎ ይሆን፣ አለች በልቧ።

መኪናው ዳገቱን ወጣ። ሰውየው በየምንጩ ጋቢውን እየነከረ ሶዶ አደረሳቸው፤ ስሙን ሳትጠይቀው እርጥቡን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

ልጇ ዳነላት። ሳህሊቱም እስከ እርጅናዋ፣ በጸሎቷ የወዳጆቿን ስም ጠርታ ስትጨርስ ጥቂት ዝም ትል ነበር። ያ ዝምታ የባለጋቢው ነበር።