የናፍጣና የቤንዚን ድምፅ

የመጋዘኑ ዘበኛ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። የካኪ ኮታቸው አንድ ቁልፍ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ዕቃዬ እስኪጫን በሩ አጠገብ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

«የናፍጣ መኪና ጭስ ማውጫው ዱግ ዱግ እያለ ደረት ይመታል» አሉኝ። «የቤንዚኑ ለስለስ ያለ ነው፤ ሽው ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ነው በር የከፈትኩት።»

ይህን እያሉኝ አንድ በቤንዚን የሚሠራ ጭነት መኪና ከኋላቸው መጥቶ ቆመ። ወሬያቸውን አላቋረጡም።

«አባባ፣ ኧረ በር!» አለ ሾፌሩ። አሁንም አልዞሩም። በእጄ ሳመለክታቸው ክው አሉ፤ ሮጠውም ከፈቱለት።

ሲመለሱ አጠገቤ ተቀመጡ። «ለኃላፊው እንዳትነግርብኝ፣ ልጄ።»

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «የናፍጣውስ ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«እሱም በእግሬ ነው። መሬቱ ሲነዝረኝ እነሳለሁ።»

ወዲያው ኃላፊው ብቅ አለና ከቢሮው ደጃፍ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ዘበኛው ብድግ ብለው ፈገግ አሉ።

«እሺ ጌታዬ፣ አሁኑኑ!»

ሰውየው የጠየቃቸው ስንት ሰዓት እንደሆነ ነበር።