በእግር የተመታው በር

ሪያድ፣ ጀራዲያ ውስጥ አምስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል፣ በር በጡጫ አይመታም ነበር። በጥፍር ሁለቴ፣ ጥቂት ጠብቆ አንዴ። በሌላ መንገድ የመጣ ሁሉ ጀዋዛት ነው፤ ኢቃማ የሌለውን፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን እያፈሰ የሚወስደው ፖሊስ። ኢቃማ ደግሞ አምስታችንም አልነበረንም። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ተረኛ በሩ ሥር ይቀመጣል። በሩ ሲመታ በቀዳዳው ያያል። ካየ በኋላ ነው የሚከፍተው፣ ወይም «ያላ!» የሚለው። «ያላ» ከተባለ በጓሮው መስኮት ወደ ጎረቤት ጣሪያ መዝለል ነው።

ያን አርብ ተረኛው እኔ ነበርኩ። አስቀድሜ የጻፍኩት ኋላ እንዳላድበሰብሰው ነው።

ከመካከላችን አንዱን ቢይዙት ከሁላችንም የከፋ ነበር። ከፊል የሚባለው አስመጪ አሠሪው «ጠፍቶብኛል» ብሎ አመልክቶበታል። ከተያዘ እስር፣ ከዚያ ተርሂል፤ ከዚያ ማቆያ ወደ አገር ጠርዘው ይሸኙታል። መላዝ ሰፈር ውስጥ የሰው ቤት የምትሠራ እጮኛ አለችው። የሚያገኛት በወር አንዴ፣ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ፣ ለአምስት ደቂቃ ነው። ሪያድ የሚኖረው ለዚያች አምስት ደቂቃ ነበር።

ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። በዕድሜ በጣም እበልጠዋለሁ። በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ፣ በአናጺ እርሳስ እየጻፈ፣ «ጋሼ፣ ፊደል አይነክስም፣ ቅረበው!» ይለኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ነክሶኝ እንደኖረ ማን ይንገረው።

ያን ቀን ስልኩ ላይ ስለ ቅጥረኛ ገዳዮች የሚያሥቅ ፊልም ነበረው፤ ከሥሩ በአማርኛ ተጽፎበታል። የታችኛው ቤት ሰው እንዳይሰማን ድምፅ አንከፍትም። አንዱ በሹክሹክታ ያነባል፣ ሌላው ያያል። አንባቢው ሁልጊዜ እሱ ነበር።

«ዛሬ ጋሼ ያነባል» አለ።

«ተረኛ ነኝ» አልኩ።

«ከዚያው ሆነህ አንብብ።»

ከዚያው ሆኜ ጽሑፉ አልታይ አለኝ። በአንድ ጉልበት ከበሩ ራቅኩ። ከዚያ በሁለቱም።

ሁለቱ ገዳዮች አንድ ሽማግሌ ሊገድሉ ይሄዳሉ። በሩን ያንኳኳሉ። ሽማግሌው ማን ናችሁ እንኳ ሳይል ይከፍታል።

«ይሄ ሰውዬ ጀራዲያ ቢሆን አንድ ቀን አያድርም» አለ አንዱ።

ሽማግሌው ቧንቧ ሠሪዎች መስለውት ሽንት ቤቱን ያስጠግናቸዋል። እኔ «መጀ...መሪያ... ቧን...ቧውን...» እያልኩ ነው።

«ኧረ ወንድሜ፣ ሽማግሌው ሞቶ ሊቀበር ነው፣ አንተ ገና ቧንቧው ላይ ነህ!» አለኝ ሌላው።

«ተዉት፣ ያንብብ!» አለ አስተማሪዬ። ሣቁን በብርድ ልብስ አፍኖ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

የአንዱ ገዳይ ሽጉጥ ከእጁ አሟልጮ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እሱን ላነብ ስል በሩ ተመታ። ዷ! ዷ! ጥፍር አይደለም፣ ጡጫም አይደለም። ጫማ ነው።

ቀዳዳው ከእኔ ሁለት እርምጃ ነበር። አላየሁም። «ያላ! ጀዋዛት!» አልኩ።

መስኮቱ አጠገብ የነበረው አስተማሪዬ ነበር፤ መጀመሪያ ዘለለ። ሁለተኛው ሰው እግሩን መስኮቱ ላይ ሲያነሳ ከውጭ ድምፅ መጣ።

«ክፈቱ እንጂ! ፉሉ እጄን አቃጠለኝ!»

ምሳ ሊገዛ የወጣው አምስተኛችን ነው። በአንድ እጁ ፉል፣ በሌላው ዳቦ ይዞ በምን ጥፍሩ ያንኳኳ? ከፈትንለት። አንዱ ሣቀ። እኔም ሣቅኩ። ከዚያ ከጓሮው የሚያቃስት ሰማን።

ጣሪያውን ስቶት ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ወድቋል። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ኋላ ዞሯል።

«ማንን አየህ?» አሉኝ።

«ዩኒፎርም የመሰለ ነገር» አልኩ። ዋሸሁ።

ሁለት ቀን በካርቶን አሥረን አስተኛነው። እግሩ ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን «ኸላስ፣ በቃ፣ ሆስፒታል ውሰዱኝ» አለ። እዚያ ኢቃማ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ደግፌ ሆስፒታሉ በር ድረስ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ አልፌ አልገባሁም።

«ቀዳዳውን አላየሁም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ። ብታይማ ፉሉን ታይ ነበር።» ግንቡን ተደግፎ ትንሽ ተነፈሰ። «እኔም ስታነብ ደስ ብሎኝ ወደ በሩ ተመለስ አላልኩህም።» ከዚያ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። «ለእሷ ነው። አንብብላት፤ እሷ አልተማረችም።»

በአንድ እግሩ እየዘለለ ገባ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ተርሂል መግባቱን ሰው ነገረን።

የሚገናኙበት ቀን ሲደርስ መላዝ ሄጄ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆምኩ። ከረጢቷን ይዛ ወጣች። እሱን ፈልጋ ዞር ዞር አለች፣ ከዚያ ወረቀቱን አየች። ማንበብ ጀመርኩ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጽሑፉ የእሱ ነው፤ የሲሚንቶ ከረጢቱ ላይ የለመድኩት ያው እጅ። ቢሆንም እያንዳንዷን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል ነው የማነበው።

«ፍጠን እንጂ ወንድሜ!» አለችኝ፣ ወደ በሩ እያየች።

ገና ግማሹ ላይ ሳለሁ እመቤቷ ከውስጥ ተጣራች። ድጋሚ ተጣራች። ልጅቷ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ በጡቶቿ መሐል ሸጎጠችና ገባች።

የቀረውን እስከ ዛሬ አላውቀውም። እሷም አታውቀውም።