«እሺ» የተከለከለበት ክፍል

ያሳሰረኝ አራት መስመር ነው። ስለ አንድ ሹም ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ፤ ሦስቱ መስመር ስድብ፣ አንዱ እውነት። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ፖሊሶች ዲላ ያለው ቤታችን መጥተው «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። እናቴ ሹራብ አቀበለችኝ። አምስቱ ደቂቃ አርባ አንድ ቀን ፈጀ።

የሴቶቹ ክፍል ከጣቢያው ጀርባ ነበረች። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። አስራ አንድ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው እግራቸውን ወደ መሃል ዘርግተዋል፤ ወለል አይታይም። ወቅቱ የቡና ነበርና ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የተሰጣ ቡና ሽታ ከባጃጅ ጩኸት ጋር ይገባል። ጥግ ላይ ክዳን ያለው ቢጫ ባልዲ አለ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«ግቢ እንጂ! ሠርግ ቤት መሰለሽ እንዴ፣ ‘እዚህ ጋ ተቀመጪልን’ እንድንልሽ?» አለች አንዷ። ካቦዋ ነበረች፤ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው። ውጭ ሳለች ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ድምጿ ገና ከገበያ አልወጣም። እግሮቹ ተሰበሰቡና ቦታ ሆነልኝ።

በግራዬ የተቀመጠችው ከሬኮ የመጣች ጌዴኦ እናት ነበረች። ሃያ ዓመት የሆነውን ልጇን ከሚሠራበት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አንድ መኪና መጥቶ ጭኖ ወሰደው። ለምን እንደወሰዱት የነገራት የለም። «ዲላ ነው» ሲሏት ተሳፍራ መጣች። ጣቢያው በር ላይ ደርሳ «ልጄን» ስትል አንዱ ፖሊስ «ግቢና ተቀመጪ» አላት። «እሺ» ብላ ገባች። ያስቀመጧት እዚህ ነው። እኔ ስገባ ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ ስለ ልጇ አንድ ቃል አልሰማችም። የመጣላትን ምግብ ትቆርስና ትይዘዋለች፤ አትበላውም።

በቀኜ ደግሞ መምህሯ። ጎንደር ነው የተወለደችው። አክስቷ ወዳለችበት እስራኤል ሄዳ ኮሌጅ ገብታ ዘመናዊ ዕብራይስጥ ተማረች፤ ከዚያ ተመልሳ ለሥራ ዲላ መጣች። የታሰረችው ከውጭ አገር ቁጥር ስለሚደወልላት ነው። ደዋይዋ አክስቷ ናት።

ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተሩ የስም ዝርዝር ይዞ ይመጣል። በር ላይ ቆሞ «ችግር ያለበት?» ይላል፤ ሁላችንም ተነስተን «የለም» እንላለን። ይሄ ነበር ደንቡ። በመጀመሪያው ረቡዕ እኔ አላስቻለኝም።

«የዚህች ሴት ልጅ የት ነው?» ብዬ ጮህኩ። «ልጅ የጠፋበትን ሰው ታጉራላችሁ? እናት የላችሁም እናንተ?»

እሱ አልጮኸም። «ከቤተሰብ የሚመጣ ምግብ እስከ ዓርብ እንዳይገባ» አለና ዝርዝሩን አጥፎ ሄደ።

ሁለት ቀን የጣቢያውን ዳቦ በላን። ማንም አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻል ነበር። የሬኮዋ እናት ዳቦዋን ገምሳ ሰጠችኝ።

«አንተ ብላ» አለችኝ። በእሷ አማርኛ ወንዱም ሴቱም «አንተ» ነው። «ልብህ ጥሩ ነው፣ ልጄ። አፍህ ግን ያመለጠ በሬ ነው። ጓሮ ገብቶ ጎመኑን ሁሉ ይረግጣል።»

በክፍሉ ሕግ እያንዳንዷ የምታውቀውን ለሌላው ታስተምራለች። አንዷ ሹሩባ፣ አንዷ ፊልም መተረክ። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የተማርኩት ሙያ ስልክ መጠገን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሌለው ደግሞ ስልክ ነው። ዓርብ ዕለት ምግብ እንደገና ገባ፤ ተራውም የመምህሯ ሆነ። ካቦዋ ፊቷን በውሃ አብሳ፣ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች።

«በይ፣ እህቴ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በተጻፈበት ቋንቋ ጸልዪልን። ቶሎ ይሰማል።»

«ጸሎት አላስተማሩኝም» አለች መምህሯ። «እኔ የተማርኩት የዛሬውን ነው። ኮሌጅ ገብቼ መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ ‘ነገ ውሃ ይቋረጣል’ የሚል ማስታወቂያ ነበር።»

«በዕብራይስጥ?»

«በዕብራይስጥ።»

«እዚያም ውሃ ይጠፋል?» ካቦዋ ከልቧ አዘነች። ከኋላ አንዷ «ሃሌሉያ፣ ብቻችንን አይደለንም» ብላ አሳቀችን።

መምህሯ ትምህርቱ ግማሹ ቋንቋ፣ ግማሹ ኅብረተሰብ እንደነበር ነገረችን። ሰዉ እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚጣላ፣ ሰልፍ ላይ እንዴት እንደሚቆም። አስተማሪያቸው ነጠላ ጫማ አድርጋ የምትመጣ ሴት ናት፤ ተማሪው በስሟ ይጠራታል። «እኔ ግማሽ ዓመት ሙሉ አፌ አልታዘዝ አለኝ» አለች። በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪዋ ሁሉንም ወደየመሥሪያ ቤቱ ላከቻቸው፤ ሦስት ጥያቄ ይዘው ሄደው መልሱን ጽፈው እንዲመጡ። የት? መቼ? ማን?

«እኔ ፖስታ ቤት ደረሰኝ። ዕቃዬ የት ነው ስለው ጸሐፊው ‘ይጣራል’ አለኝ። ‘እሺ’ ብዬ ወጣሁ። አስተማሪዋ መልሳ ላከችኝ። ‘ይጣራል’ አለኝ፣ ‘እሺ’ ብዬ ወጣሁ። አራት ጊዜ። በአራተኛው ‘እሺ ስትዪው ፊቱ ምን ይመስል ነበር?’ ብላ ጠየቀችኝ። አሰብኩት። ደስ ብሎት ነበር።»

ካቦዋ ወደ መምህሯ ተጠጋች።

«በኋላ ለመመረቂያዬ ካገራችን ከሄዱ ሽማግሌዎች ጋር በየቢሮው እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ይገባሉ። ጸሐፊው ‘ነገ’ ይላቸዋል። ‘እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ’ ብለው ይወጣሉ። ጸሐፊው ጉዳያቸው ያለቀ ይመስለዋል። እንዳላለቀ የምናውቀው እኔና እነሱ ብቻ ነን። እሱን ጽፌ ነው የተመረቅኩት።»

የሬኮዋ እናት የያዘችውን ቆጮ አስቀመጠች። «‘የት’ በዚያ ቋንቋ እንዴት ይባላል?»

«ኤይፎ።»

«ኤይፎ» አለች። ከዚያ ለራሷ ደጋግማ፣ «ኤይፎ፣ ኤይፎ።»

የዚያን ቀን ካቦዋ አዋጅ አወጣች። «ከአሁን ጀምሮ እሺ ያለች ባልዲውን ትደፋለች። ሁላችሁም ሰማችሁ?»

«እሺ!» አሉ ከእኔ በቀር ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ሳቃችን ሲበዛ ፖሊሱ በሩን ደበደበ። «ዝም በሉ!»

«እሺ!»

ካቦዋ ራሷ መሬት ላይ ተንከባለለች። በሁለት ቀን ውስጥ ባልዲውን ያልደፋች እኔ ብቻ ነበርኩ። ኮራሁ። እናቴ በሕይወቴ እሺ ብዬ እንደማላውቅ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። ረቡዕ ስለ ልጁ ለመጠየቅ ልምምድ ጀመርን፤ ካቦዋ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ኢንስፔክተር ስትሆን ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነኝ።

«የዚህች ሴት ልጅ የት ነው?»

«ይጣራል» አለች ካቦዋ፣ በአፍንጫዋ።

«ምን ታጣራለህ አንተ፣ ስምህን አጣርተህ መጻፍ የማትችል!»

ሁሉም ሳቀ። መምህሯ አልሳቀችም። «ቁጭ በይ» አለችኝ። «መልስ አትፈልጊም አንቺ። እንዲሸነፍልሽ ነው የምትፈልጊው። የተሸነፈ ሰው ደግሞ የት እንዳለ አይነግርሽም።»

ተናደድኩ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ተቀመጥኩ። እውነቷን እንደሆነ ያወቅኩት ወዲያው ነው፤ እስከ ማታ ግን አላናገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ተለማማጇ ራሷ እናትየዋ ሆነች። መጀመሪያ ላይ ወለሉን እያየች «ይቅርታ ጌታዬ» ትላለች። ካቦዋ «ይጣራል» ስትላት «እሺ» ብላ ቁጭ። ባልዲ። እንደገና። «ይጣራል።» «እሺ።» ባልዲ። እሑድ አንገቷ ቀና አለ። ሰኞ «መቼ?» አለች፤ ከዚያ በራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። ጭብጨባ ክልክል ስለሆነ በእግራችን ወለሉን መታን። ማክሰኞ ሦስቱንም ጠየቀች። ካቦዋ ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አውርዳ «በጌታ ስም፣ አስፈራሽኝ እኮ» አለቻት።

ረቡዕ መጣ። ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ቆመ፤ ከኋላው አንዲት ወጣት ፖሊስ አለች። ተነሳን።

«ችግር ያለበት?»

«አለ» አለች የሬኮዋ እናት። «ልጄ የት ነው?»

ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት። የምላሴን ጨው እስከዛሬ አልረሳውም።

«ይጣራል፣ እናቴ።»

እሺ የሚባልበት ቦታ መጣ። ባዶውን አለፈ።

«መቼ?»

«ይጣራል አልኩሽ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። መቼ?»

ከመካከላችን አንዷ አሳላት። ኢንስፔክተሩ ዝርዝሩን ገለጠ፣ መልሶ አጠፈው። «ማን ነው ያስጠናሽ? ይቺ ናት?» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። መምህሯ አጠገቤ ቆማለች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ ነበር፤ ሲጠነክር ተሰማኝ።

«ማንም» አለች እናትየዋ። «እኔ ነኝ የወለድኩት። እኔ ነኝ የምጠይቀው። መቼ?»

ድምጿ አልጨመረም። ገበያ ላይ ጎመን ስንት ነው እንደሚል ሰው ነው የጠየቀችው። እሱም የሚጣላው ሰው አላገኘም።

«ዛሬ» አለ በመጨረሻ።

«ማን ይነግረኛል?»

በአገጩ ወደ ኋላው ጠቆመ። እናትየዋ ወደ ወጣቷ ፖሊስ ዞረች። «ስምህ ማን ነው፣ ልጄ?»

ልጅቷ አለቃዋን አየች፤ ከዚያ ስሟን ነገረቻት። እናትየዋ ስሙን ደገመችው፤ ጎረቤት እንደሚጠራ ሰው።

በሩ ተዘጋ። ሁላችንም ተቀመጥን፤ እሷ አልተቀመጠችም። ካቦዋ ሳብ ብታደርጋት «እየጠበቅኩ ነው» አለች። ቆማ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እጇን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ ኮቴ ታዳምጥ ነበር። እኔ በአንድ ቦታ አስር ደቂቃ መቆም የማልችለው ሴት አጠገቧ ቆምኩ።

ሊመሽ ሲል የበሩ ትንሽ መስኮት ተከፈተ። ወጣቷ ፖሊስ ናት።

«ወናጎ ነው ያለው። ደህና ነው። ይበላል።»

ወናጎ። በሚኒባስ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከኋላዬ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። እናትየዋ ግን መስኮቱን በእጇ ያዘች።

«ጫማ አድርጓል?»

«ምን?»

«ሲወስዱት ባዶ እግሩን ነበር። ከማጠቢያው ውሃ ውስጥ ነው ያወጡት። ጫማ አድርጓል?»

«እሱን አላውቅም፣ እማዬ።»

«ጠይቅልኝ።»

ልጅቷ መስኮቱን ሳትዘጋ ሄደች። ከግቢው ማዶ ስልክ ስታናግር ተሰማን፤ «አዎ፣ ጫማ ነው ያልኩህ፣ ጫማ! ሂድና እየው» ትላለች። ጠበቅን። አስራ ሁለት ሴቶች ትንፋሻችንን ይዘን አንድ ሰው የማናውቀውን ልጅ እግር እስኪያይ ጠበቅን። ተመለሰች።

«አድርጓል። ሸራ ጫማ። አንዱ እስረኛ ነው የሰጠው።»

እናትየዋ መስኮቱን ለቀቀች። «የሰጠውን እግዜር ያልብሰው» አለች፤ ቁጭ አለችና ካቦዋን «ምግብ አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ያለንን ሁሉ ሰጠናት። በላች። ስትጨርስ ጣቷን እያበሰች መምህሯን አየቻትና በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለቻት። ካቦዋ ልትተረጉም ስትል መምህሯ እጇን አነሳች። «ገብቶኛል» አለች። ጌዴኦኛ አትችልም ነበር።

እናትየዋን በዚያ ሳምንት ለቀቋት። ሬኮ አልሄደችም፤ በቀጥታ ወናጎ ወረደች። ልጇም ቆይቶ ተፈታ። መምህሯን አንድ ጠዋት ዕቃዋን ይዛ እንድትወጣ ጠሯት። እያንዳንዳችንን ጨበጠችን፤ እኔ ጋ ስትደርስ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። ዲላን እንደለቀቀች ሰምቻለሁ። አንዱ አዲስ አበባ ናት ይላል፣ ሌላው አክስቷ ጋ ሄደች ይላል። እኔ ራሴ ያለ ክስ ነው የወጣሁት። ስልኬን ሲመልሱልኝ መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ ሙያዬ ነውና ራሴ ቀየርኩት።

ሰው «እዚያ ምን አደረጉሽ?» ሲለኝ ይህንኑ እነግረዋለሁ። ብዙው ቅር ይለዋል፤ የጠበቀው ሌላ ነገር ነው። ሌላውም ነገር ነበር። ዘወትር የሚመጣልኝ ግን ይሄ ነው።

አሁን ከአንድ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ማመልከቻም በኮምፒውተር እጽፋለሁ። ባለጉዳዩ «ለክቡርነትዎ በታላቅ ትሕትና» እያለ ይጀምራል፤ ሙሉ ገጽ ትሕትና። ትናንት አንድ አባት መጣ፤ እንዲህ አድርጎ አንድ ገጽ አስጻፈኝና ቆመ።

«አባባ፣ እንዲነግሩህ የምትፈልገው ምንድነው?» አልኩት።

ከኋላው ሰልፍ ነበር፣ ኮፒ የሚፈልጉ ተማሪዎች ያጉረመርማሉ። ወንበር ሳብኩለት። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማሰብ ጀመረ፤ በጣም ቆየ። አላቻኮልኩትም።