ከስክሪኑ ያልወጡት አባት

ነርሶቹ «ኢንጂነሯ» ይሏታል። ኢንጂነር አይደለችም፤ ፕሮግራመር ናት፤ የሆስፒታሉን የአልጋ መመዝገቢያ ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት። አባቷ እዚያው በተኙበት ሰሞን ላገኙት ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ እየጠቆሙ «የልጄ ሥራ ነው!» ሲሉ፣ እሷ በሀፍረት መግቢያ ታጣ ነበር።

አባቷ በተቀበሩ ማግስት ዋና ነርሷ ደወለችላት።

«እህቴ፣ ዛሬ መደወሌ ነውር ነው። ግን ኮምፒውተሩ አባባ አሁንም አልጋቸው ላይ አሉ ይላል። አዲስ የመጡ አሮጊት ኮሪደር ላይ ተኝተውብናል፤ ላስገባቸው ብል እምቢ አለኝ።»

«ፕሮግራሙን ዝጉትና ክፈቱት።»

ዘግታ ከፈተችና «ጠፉ» አለች ነርሷ። ወዲያው ደነገጠች። «ውይ፣ በሞትኩት፣ ማለቴ…»

«ገብቶኛል።»

ስልኩን አስቀምጣ እንባዋን ጠበቀች። አልመጣም። የመጣላት ስህተቱ ያለበት ቦታ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ከበሽተኞቹ ስብስብ ጋር አስራዋለች፤ ፕሮግራመሮች «ባይንዲንግ» ይሉታል። ግን የመረጠችው ስብስብ ዝምተኛ ነው፦ ሰው ሲወጣበት ለስክሪኑ አይናገርም። ስለዚህ ስክሪኑ የሚያውቀውን የድሮውን ያሳያል። ለውጥ ሲኖር ራሱ የሚያሳውቅ ሌላ ዓይነት ስብስብ አለ፤ በጥድፊያ ዘላዋለች።

ጫማዋን ስታጠልቅ ታላቅ ወንድሟ አያት።

«ወዴት ነው?»

«ሥራ።»

«አብደሻል እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«ሌላም ሰው ሲሞት ስሙ እንደ አባባ ስክሪኑ ላይ ይቀራል።»

አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ሆስፒታሉ ድረስ አደረሳት።

ማስተካከሉ ጊዜ አልፈጀም። ለሙከራ የሌለ ሰው ስም አስገባች፣ አሰናበተች፤ ስሙ በቅጽበት ከስክሪኑ ወጣ። ነርሷ አቅፋት አለቀሰች። እሷ እንደ ግንድ ቆማ የነርሷን ትከሻ መታ መታ አደረገች፤ አጽናኟ እሷ የሆነች ይመስል ነበር።

ስትወጣ በአባቷ ክፍል በኩል አለፈች። አልጋው ላይ ኮሪደር የነበሩት አሮጊት ተኝተዋል።

«ዶክተር ነሽ ልጄ?»

«አይደለሁም እማማ። ኮምፒውተር ነው የምሠራው።»

«እሱስ ይሁን። እስቲ ያንን መስኮት ዝጊልኝ፣ በረደኝ።»

ዘጋችላቸው። ብርድ ልብሱንም እስከ አንገታቸው ሳበችላቸው።

«ተባረኪ» አሏት።

«አሜን» አለችና ወንድሟ ወደሚጠብቅበት ኮሪደር ወጣች።