ከእጅ የተወረወረ ኳስ

የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ከፍተው ኳስ ሲያዩ፣ እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ «ቆሟል፣ ቆሟል፣ ይነፋበታል» እላለሁ። ፊሽካው አፌን ቀድሞት አያውቅም። እነሱም ይስቃሉ። በቀደም ትንሿ ድምፁን ቀነሰችና «እምዬ፣ አንቺ ሀ ሁ ሳትቆጥሪ የኳስ ሕግ ማን አስተማረሽ? ዛሬ ሳትነግሪን አንላቀቅም» አለችኝ። እሺ፣ እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊው፣ ደስ የሚል ነገር ግን አትጠብቁ አልኳት።

ጣሊያን ጎንደርን በያዘ ጊዜ እኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ታላቅ ወንድሜም እንደዚያው። ዛሬ ፒያሳ የምትሉትን ሲሠሩ ነበር የሚውሉት። እዚያ ካሉት ፎቆች የአንደኛው ደረጃ የባሌ እጅ ነው። ሳልፍ አልረግጠውም፤ በጎን ዞሬ ነው የምሄደው። ልጆቹ እግሯን አሟት ነው ይላሉ፤ ይበሉ።

እኔ የወታደሮቹን ልብስ አጥብ ነበር። አንገረብ ወንዝ ወርጄ አጥብና ካምፑን በከበበው ሽቦ ላይ አሰጣለሁ። ሳሙናቸው ሸጋ ነው፤ እንዶድ የለመደ እጄን ግን ላጠው። ከሽቦው ወዲያ ኳስ መጫወቻቸው ነበር። ልብሱ እስኪደርቅ ምን እሠራለሁ፣ ሁለት በጋ ሙሉ እነሱን አየሁ።

መጀመሪያ የፊሽካው ነገር ነው የገረመኝ። ምነው ነፉ? እላለሁ ለራሴ። በእጁ የነካ ይነፋበታል፣ ይህ ቀላል ነው። ሰው የጠለፈ ይነፋበታል፣ ይህም ቀላል ነው። ሦስተኛው ግን ወር አደከመኝ። ማንንም ሳይነካ፣ ሸጋ አድርጎ እየሮጠ ያለ ሰው ላይ ይነፉና «ፎሪጆኮ! ፎሪጆኮ!» ይጮኻሉ። አንድ ቀን ማስጣቱን ትቼ ሰው ቆጠርኩ። ኳሱ ሲመታለት ከፊቱ ሁለት ባላጋራ ካለ አይነፋም። ግብ ጠባቂው ብቻ ከቀረ ግን ይነፋል። ከሰው ጀርባ ተደብቆ የሚጠብቅ ነውና «የሌባ ቦታ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ እናንተ ኦፍሳይድ የምትሉትን ነው። ያን ቀን ፊደል የቆጠርኩ ያህል ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ይፈለጋል። የሜዳውን ዳር ያሰመሩት ከእኔ ሽቦ ሥር ነው። ኳሱ ወደ እኔ በወጣ ቁጥር፣ አቧራ የነካው አንሶላ እንደገና አንገረብ ያስወርደኛልና አንሶላዎቼን ሰብስቤ፣ አቅፌ፣ ጀርባዬን እሰጣለሁ። አንዱ ይመጣና ኳሱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ ይወረውራል። እኔ ዘወር ስል ጨዋታው ርቋል።

በሁለተኛው በጋ ከሊማሊሞ ትእዛዝ መጣ። ያኔ ሊማሊሞ መንገድ አልነበረም፣ ገደል ነው፤ ገደሉን በድማሚት እያፈረሱ ነበር መንገድ የሚያወጡት። የወጣ ሰው የሚመለሰው በቃሬዛ ነው ይባላል። ከከተማው ሠራተኛ አንድ ጓድ ይውጣ ተባለ። ወይ የእኛ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ወይ ኖራ አቃጣዮቹ። የሁለቱም ጓድ ነጭ ካቦዎች፣ አሠሪዎቹ፣ የእኔን ሰው አልሰጥም አሉ። የበላይ ሹማቸው ሳቀና «በኳስ ይለይ፤ የተሸነፈ ይውጣ» አለ። ለእሱ ቀልድ ነው።

ወንድሜ የጓዱ አለቃ ነበር። ሰዎቹን ይዞ ቤታችን መጣ።

«ከእናንተ ኳስ ያየ ማነው?» አለ።

ባሌ ራሱን እያከከ «ሚስቴ» አለ።

ሳቁ ቤቱን ሊያፈርሰው! አንዱ ጢማም «እንግዲያ ቀሚስ እንልበሳ!» አለ።

«ወንድሜ፣ ድማሚት ቀሚስና ሱሪ አይለይም» አለው ባሌ። ሳቁ ቆመ።

ሦስት ሳምንት አስተማርኳቸው። ከሥራ ሲወጡ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ከካምፑ የተጣለ ካልሲ በጨርቅ ሞልቼ ኳስ አደረግሁላቸው። ሕጉን ግን ያስተማርኳቸው በሰፌድ ነው። ባቄላው እኛ፣ ሽምብራው እነሱ፣ ግብ ጠባቂው አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት። ጢማሙ ሽምብራውን እያነሣ ይቆረጥምና «ጠላት ቀነስኩልሽ» ይለኛል። መጀመሪያ ያፌዙብኝ የነበሩት፣ በሁለተኛው ሳምንት «እቴ፣ ይህስ? እዚህ ብቆምስ?» እያሉ ከሰፌዱ አልነሣ አሉ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ሴት ልጅ ስትናገር አሥራ አንድ ወንድ አፉን ዘግቶ የሚሰማበት ቦታ ሌላ የት አለ?

ባሌ ከሁሉም ፈጣን፣ ከሁሉም ችኩል ነበር። የሌባ ቦታ በቆመ ቁጥር «ሌባ!» እለዋለሁ፣ ይስቃል። አንድ ቀን ግን ሳይስቅ መጣ።

«ስሚ፣ ትናንት ልወስድሽ ሽቦው ጋ መጥቼ ሳለ አየሁ። ኳሱን በእጅ ሲወረውሩለት አንዱ ብቻውን ቆሞ አገባ። ፊሽካ አልተነፋም።»

«ዳኛው አላየው ይሆናል።»

«ከፊቱ ቆሞ!»

«እኔ ሁለት በጋ ያየሁትን አንተ በአንድ ቀን ልታፈርሰው ነው?»

«አንቺ እኮ ያን ጊዜ አንሶላ ታቅፈሽ ጀርባሽን ሰጥተሽ ነበር።»

ሰዎቹ ይሰማሉ። በሰው ፊት ሆነብኝ። «ሕግ ሕግ ነው» ብዬ ሰፌዱን አነሣሁ።

እሑድ ተጫወቱ። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር። ዳኛው የማጥበውን ሸሚዝ የሚለብስ ልጅ እግር ወታደር ነው፤ ፊቱን ሳልለምደው የሸሚዙን አንገት ለምጄዋለሁ። የኖራዎቹ ካቦ ኳስ ወዳድ ነው፣ ከዳር ዳር እየሮጠ ይጮኻል። የእኛው ካቦ ሽማግሌ ግንበኛ ነበር። ኳስ አይወድ፣ አያውቅ፤ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ጥላ ሥር ተኝቷል።

አንድ ለአንድ ሆኑ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ኳሱ ወደ እኔ ሽቦ ወጣ። ሰንበት ነውና አንሶላ የለኝም። ወንድሜ መጥቶ ከፊቴ አነሣው፣ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አድርጎ ወረወረው። ባሌ ከሰው ሁሉ ጀርባ፣ ግብ ጠባቂው ፊት፣ ብቻውን ነበር። መታው። ገባ።

የእኛ ሰዎች ዘለሉ። የኖራዎቹ ካቦ «ፎሪጆኮ!» እያለ ሜዳ ገባ። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ አደረገ፣ አልነፋም። ካቦውን አየው፣ ባሌን አየው። አስተርጓሚው መሐል ገባ፣ ሁሉም ተንጫጩ። ወንድሜ እየሮጠ ወደ ሽቦው መጣ።

«ምንድነው የሚለው ይህ ሰውዬ? አንቺ ነሽ የምታውቂ፣ ተናገሪ እንጂ! ጎል ነው አይደለም?»

ባሌም ደረሰ፣ ላቡ እየወረደ። «በእጅ ነው የተወረወረው! በእጅ ሲሆን ሌላ ነው! ነግሬሻለሁ!»

አያችሁ፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። የተማርኩት አንድ ነገር ያ ነው፣ ያን ለባሌ ብዬ ላጥፈው? ደግሞስ ቆጥሬያለሁ። ከፊቱ ግብ ጠባቂው ብቻ ነበር።

«የሌባ ቦታ ነው። ልክ ናቸው» አልኩ።

አስተርጓሚው ይህን ለዳኛው ነገረው፤ «የራሳቸው ሰዎች አምነዋል» ሳይለው አይቀርም። ልጁ ወደ እኔ ዘወር ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። የአገሬው ልብስ አጣቢ ሕጋቸውን ማወቋ ደንቆት መሰለኝ፣ ኮራሁ። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰና ነፋ።

ኖራዎቹ ሳይቆዩ አገቡ። ተሸነፍን።

ማክሰኞ ነው የወጡት። በማኪና ሲጭኗቸው ጢማሙ ባሌን «ና ሌባው፣ በአንተ ጦስ ነው» አለው፤ እንደ ቀልድ ነው ያለው፣ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ያ ስም የእኔ ስም ነው፣ ከእኔ አፍ የወጣ። በሶ ቋጥሬ አቀበልኩት። ተቀበለኝ፣ ፊቴን አላየም።

«በእጅ ነው የተወረወረው» አለኝ።

«ሕግ ሕግ ነው» አልኩት።

ከባሌ ጋር የተነጋገርነው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ሌላ ስንት ቃል ነበረኝ።

ክረምቱ ሲገባ ወንድሜ እያነከሰ መጣ፣ የባሌን ጋቢ በክንዱ ይዞ። ጋቢውን ሳይ ገባኝ። ድማሚቱ ከተተኮሰ በኋላ ድንጋይ ሊያነሡ ሲገቡ፣ ከላይ የቀረው ተንዶ ነው። ጢማሙም አብሮት ነበር። ደባርቅ ቀበሯቸው። ወንድሜ ሊያጽናናኝ ብሎ ያወራኝ ወግ ከመርዶው የባሰ ሆነብኝ። «ለእረፍት ስንቀመጥ ጠጠር በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ ይወረውርና፣ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ስታገኙ ጠይቁልኝ ይለን ነበር» አለኝ። «አያ፣ ተወው በቃ» አልኩት። ተወው።

ከዚያ ወዲያ ጎንደር አላስቀምጥ አለችኝ። እንፍራንዝ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ትክል ድንጋይ ሄጄ ሌላ ባል አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ፣ ተመልሼ መጣሁ። ጣሊያኑም ወጣ፣ መንገዱ ቀረ፤ በሊማሊሞ ስንት ጊዜ ተሳፍሬ አልፌያለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። የባሌን አደራ ግን ለማንም አልጠየቅሁም። ማንን ልጠይቅ? የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ሲያረጅ ነው ሰው የሚጠራጠረው። የልጄ ትልቁ ልጅ ዳኝነት ተምሮ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በመጣ ጊዜ፣ ሰፌድ አምጡልኝ አልኩ። ባቄላውን፣ ሽምብራውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ደረደርኩ። አንዷን ባቄላ ነጭ ሽንኩርቱ ፊት ብቻዋን አቆምኩና፣ «ከዳር በእጅ ቢወረውሩለትና ቢያገባስ?» አልኩት።

«ጎል ነው እምዬ። ከእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ የለም።»

«ይህ የዛሬ ሕግ ይሆናል። ጣሊያን እያለስ?»

«ያኔም ያው ነው፤ ጣሊያን ሳይመጣ የወጣ ሕግ ነው» አለኝ።