ትንፋሽ ያጣው ፒክአፕ

የሻሽወርቅ የአባቷን ሞት የሰማችው ቡሬ፣ ክፍል ውስጥ ስታስተምር ነው። ቀብሩ ፍኖተ ሰላም በዘጠኝ ሰዓት ነበር። «ለአባቴ ቀብር አድርሱኝ» ብላ የተሳፈረችበት ፒክአፕ ግን ማንኩሳ ሳይደርስ ሦስት ጊዜ ቆመ።

ሾፌሩ ሐብቴ ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላ ሲፈታ፣ ጋቢ የለበሰ አንድ ተሳፋሪ ወርዶ ወደ ነዳጅ መሙያው ሄደ። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሐብቴ በላስቲክ የጠቀለለው የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፎበታል። ሰውዬው ጆሮውን አስጠጋ።

«የነፍስ አባቱ ነዎት እንዴ? ሊያናዝዙት ነው?» አለ ሐብቴ።

ሰውዬው ቆረቆንዳውን ሲነቅለው ታንከሩ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሞተሩ ደኅና ነው፤ አንተ አንቀኸው ነው። ላስቲኩን መቼ ጨመርህበት?»

«ትናንት፣ ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ።»

«አየር ካልገባ ቤንዚኑ በምን ይውረድ? የጠላ ጋን እንኳ እንዲህ አይታፈንም።»

ላስቲኩን ገፎ ቆረቆንዳውን ብቻውን መለሰው። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ሐብቴ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው እጁን ጠረገና ኮፈኑን ዘጋ።

የሻሽወርቅ ከሰውዬው ጋቢ ሥር የወታደር ጫማ አየች።

«ሙያውን የት ተማሩት?»

«ከዚህ በከበደ ብረት ላይ» አለ። ቀጥሎም፣ «የአባትሽ የክርስትና ስም ማን ነው፣ እኅቴ? በጸሎት እንዳነሣቸው» አላት።

ነገረችው። ከፊት የወታደሮች ኬላ ሊታይ ሲል የጋቢናውን ጣሪያ ቆርቆር አድርጎ አስቆመና ወርዶ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ገባ።

አባቷ አፈር ሳይለብሱ ደረሰች። የሰውዬውን ስም ግን አልጠየቀችም።